ገመዱ ሲላላ ተከተለችኝ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ ከግቢያችን በር ሃያ እርምጃ እንኳ አልራቅንም። ቡችላዬ ዳማ አራት እግሯን ዘርግታ አስፋልቱ ላይ ተለጠፈች። እኔ ገመዱን እጎትታለሁ፣ እሷ ጥፍሯን ተክላ ወደ ኋላ ትስባለች። የአንገቷ ማሰሪያ ጆሮዋ ሥር ደርሶ ቆዳዋን አጨማዶታል። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ጥሩምባ ሲነፋ ሽንቷ አመለጣት። አንሥቼ አቀፍኳት። ልቧ መዳፌ ላይ ድው ድው ይላል። እስከዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ዳማን ከኩታበር ገጠር ካመጣኋት ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሁለት ወር ቢሆናት ነው። ስሟን ከፈረስ ቀለም ነው የወሰድኩላት፤ መልኳ ቀላ ያለ ዳማ ነው። እናቷ በግ ጠባቂ ናት፣ ታስራ አታውቅም። ልጅቱም እስከዚያ ቀን የረገጠችው ሣርና ጭቃ ብቻ ነው። እኔ ማሰሪያውን፣ አስፋልቱን፣ ባጃጁን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ፣ ሁሉንም በአንዴ ጫንኩባት።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። እዚያ ሌላም ስህተት እንደሠራሁ ገባኝ። ክትባቷን ሳትጨርስ መሬት ላይ ማስኬድ አልነበረብኝም። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ የታመመ ውሻ በተጸዳዳበት አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላት ነው። ግን ግቢ ዘግቶ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም፤ ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በዚሁ ዕድሜው ነውና። ስለዚህ በፎጣ ጠቅልዬ አቅፌያት መንገድ ዳር እቆም ጀመር። ባጃጁን፣ እንጨት የጫነውን አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡትን ልጆች፣ ሁሉን ከደረቴ ላይ ሆና ታያለች። የመጀመሪያ ቀን አንገቷን ብብቴ ውስጥ ቀበረች። በሳምንቱ ጆሮዋን አቁማ ታይ ነበር።

ገመዱን ግቢ ውስጥ ከዜሮ ጀመርን። የገዛሁትን የብረት ሰንሰለት ትቼ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ደረቷ ላይ የሚታሰር ነገር ሰፋልኝ። አንገቷን አያንቃትም። ሁለት ጣቴ ከሥሩ ሲገባ ልኩ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀምጬ አሸተተችው። ከዚያ የማስርላት ምግቧን ልትበላ ስትል ብቻ ሆነ፤ በልታ ስትጨርስ እፈታዋለሁ። አራት አምስት ቀን እንዲህ ሄድን። አንድ ቀን ማሰሪያውን ከሚስማሩ ላይ ሳወርድ ጅራቷን እየቆላች መጣች። ደስታዬን አልነግራችሁም!

ቀጥሎ ሁለት ሜትር ገመድ አሰርኩበትና ለቀቅኳት። እየጎተተችው ትዞራለች፣ እኔ አጠገቧ ነኝ። የሆነ ነገር ላይ ተጠምጥሞ ቢይዛት እንደገና ትፈራለችና ብቻዋን አልተውኳትም። ስታኝከው አልጮህኩባትም፤ ሌላ የምታኝከው ጨርቅ ሰጠኋት።

ከዚያ ጫፉን በእጄ ያዝኩ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የተጎተተ ውሻ በተፈጥሮው ወደ ተቃራኒው ይስባል፣ እልህ ይዞት አይደለም። አባቴ በቅሎ ሲመራ ትዝ አለኝ። ልጓሙን አላልቶ ከጎኗ ይሄዳል እንጂ ከፊት ሆኖ አይጎትታትም ነበር። እኔም እንደዚያው ገመዱ መሃሉ ላይ እንዲረግብ አድርጌ ያዝኩት። ስትቆም እኔም እቆማለሁ። ቁጢጥ እልና ፊቴን ወደ ጎን አዞራለሁ። ፊት ለፊት ካፈጠጥኩባት አትመጣም። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ስትመጣ እንደ ሽምብራ አድርጌ የቆራረጥኩትን ቅቅል ጉበት አጎርሳታለሁ። ጨውም በርበሬም የለበትም፣ ሽንኩርትማ ለውሻ መርዝ ነው። እሷ ቀድማ ስትጎትተኝም መልሱ ያው መቆም ነው። ገመዱ ሲላላ ጉዞው ይቀጥላል። አሥር ደቂቃ ይበቃታል። ስታዛጋና አፍንጫዋን ስትልስ ጨንቋታል ማለት ነውና ወደ ቤት።

ክትባቷ አልቆ ሐኪሙ ሲፈቅድ ከበሩ ወጣን። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት፣ ፀሐይ ወዳለበት ቀየርኩት። የመጀመሪያ ቀን እስከ ጎረቤት አጥር፣ በማግስቱ እስከ ሱቁ። ባጃጅ ሲመጣ ዳር ይዤ ጉበቷን እሰጣታለሁ። አሁን ድምፁን ስትሰማ ቀና ብላ እጄን ታያለች።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ እኛን ባዩ ቁጥር መንገድ ይሻገራሉ። አንድ ቀን፣ "ሐጂ፣ ይለፉ፣ ይዣታለሁ" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ፣ ፍጡር ናት፣ አልጠላትም" አሉኝ። "ለሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ስለሆነ ነው። ምራቋ ከነካኝ ታጥቤ እስክመለስ ሶላቱ ያልፈኛል።"

እውነታቸውን ነው። ውሻ ምራቁ ያረፈበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንደሚታጠብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ወሎ ላይ የማን ቤት ከማን ቤት ይለያል? እኔ ግን ውሻ ሳሳድግ ይህን ከግምት አላስገባሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐጂን ከሩቅ ሳይ ከመንገዱ ወጣ እላለሁ። ገመዱን አሳጥሬ ዳማን አስቀምጣለሁ፣ እስኪያልፉ ጉበት በጉበት አደርጋታለሁ። ሰው ላይ እንዳትዘል ያስተማርኳት በዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ሲወጡ አገኘናቸው። ዳማ ሳልነግራት ከመንገዱ ወጥታ ቁጭ አለች። ገመዱ በመሃላችን ረግቦ መሬት ነክቷል። ሐጂ ዱላቸውን ተደግፈው ቆም አሉ።

"አደግሽ እኮ ዳማ!" አሏት።

እሷ እንደተቀመጠች በጅራቷ አቧራውን ትጠርጋለች።