ጌጥና ጥሪት ሲለያዩ

አንድ የወርቅ ሐብል ለረጅም ዘመን ሁለት ሥራ ነበረው፤ በደስታ ቀን አንገት ያስውባል፣ በችግር ቀን ይሸጣል። በጌጣጌጥ ገበያ ላይ አሁን ከሚታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ እምነት፣ ገዢዎች እነዚህን ሁለት ሥራዎች መለያየታቸው ነው። አንዱ ለማማር ብቻ ይገዛል። ሌላው ግራም ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ድንጋዩ ከማን ጉድጓድ እንደወጣ ይጠይቃል። ሻጭ ግን ለሁሉም ያንኑ «ውድ፣ ዘላቂ፣ ንጹሕ» የሚል ቃል ይደግማል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚፈልጉትን ለይቶ ማወቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ይህ መለያየት በደንብ የሚታየው አልማዝ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ አልማዝ ሐሰተኛ አልማዝ አይደለም። አንዱ አሠራር ካርቦንን ከቀለጠ ብረት ጋር አድርጎ በ5 እስከ 6 ጊጋፓስካል ግፊትና ከ1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ማቆየት ነው። ሌላው ሜቴንና ሃይድሮጅን በተሞላ ዕቃ ውስጥ በስስ የአልማዝ ዘር ላይ ካርቦንን ንብርብር በንብርብር ማሳደግ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ከሁለቱም የሚወጣው ጥንካሬውም ብርሃን አያያዙም የአልማዝ የሆነ ድንጋይ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2018 ከአልማዝ ትርጓሜው ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል አውጥቷል።

ለማማር ከሆነ እንግዲህ ምንም አይጎድለውም። ለጥሪት ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ማሽን በተጨመረ ቁጥር አቅርቦቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ወድቋል። ደ ቢርስ የተባለው ትልቅ የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረውን ላይትቦክስ የተባለ የቤተ ሙከራ አልማዝ ምርት እንደሚዘጋ በ2025 አሳውቋል። በዚያው ዓመት ጂ.አይ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ለእነዚህ ድንጋዮች የተለመደውን ዝርዝር የቀለምና የጥራት ደረጃ ትቶ በሁለት ሰፋፊ ምድብ ብቻ እንደሚለያቸው አስታወቀ። አብዛኞቹ በጠባብ የከፍተኛ ደረጃ ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ዝርዝሩ ብዙም አይለያቸውም። ስለዚህ በዚህ ዓይነት አልማዝ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት ገንዘብ መጨመር ብክነት ነው፤ ገንዘቡ ለጥሩ አቆራረጥና ድንጋዩን ለሚይዘው ብረት ይዋል። ድንጋዩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ በቀን ብርሃን ማየት ይጠቅማል፤ በጋዝ የተሠራው ወደ ቡናማ፣ በግፊት የተሠራው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚተማመንበት በሙቀት የሚሠራው የአልማዝ መፈተሻ ብዕር ከማዕድን የወጣውን ከተሠራው አይለይም። ሞይሳናይት የተባለውን አልማዝ መሳይ ድንጋይም አልማዝ ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ሞይሳናይትን ለማወቅ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ድንጋዩን ዘንበል አድርጎ ከላይ ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ የኋላ ገጾቹ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይታያል፣ የአልማዝ ግን ነጠላ ነው። ከማዕድን የወጣውን ከተሠራው ለመለየት የላብራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። ገዢው ማድረግ የሚችለው የድንጋዩ ወገብ (ዙሪያውን የሚከበው ጠርዝ) ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን ከምስክር ወረቀቱ ጋር፣ ወረቀቱን ደግሞ ከተቋሙ ድረ ገጽ ጋር ማመሳከር ነው።

ከማዕድን የወጣውን መርጠው ስለ ሕሊና ለሚጠይቁ አንድ ነገር ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሊ ሥርዓት የሚመለከተው የታጣቂ አማፂያንን ጦርነት የሚደግፍ ያልተቆረጠ አልማዝን ብቻ ነው። ስለ ሠራተኛው ደመወዝም ሆነ ስለ ወንዙ ብክለት ምንም አይልም። «የኪምበርሊ ማረጋገጫ አለው» ከተባሉ፣ የማዕድኑን ስምና የቆረጠውን አካል ደግመው ይጠይቁ። «እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ወርቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ወርቅ ድሮም ሲቀልጥና ሲሠራ የኖረ ብረት ነው፤ ያንን መግዛት ብቻውን ማዕድን ማውጣትን አይቀንስም። በሜርኩሪ የሚሠሩትን አነስተኛ አምራቾች ኑሮ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከእነሱ በቀጥታ የተገዛና ፌርማይንድ ወይም ፌርትሬድ የመሰለ ማረጋገጫ ያለው ወርቅ ቢፈልግ ይሻላል።

ጥሪት ፈላጊው ወደ ንጹሕ ወርቅ ሄዷል፤ እዚያም የአሠራር ለውጥ ገጥሞታል። ወርቅ ሲወደድ ሠሪዎች ክብደት ቀንሰው መጠኑን ትልቅ ማስመሰል ጀመሩ። ውስጡ ባዶ የሆነ ሰንሰለትና በኤሌክትሪክ ተነጥፎ የሚሠራ ጠንካራ 24 ካራት ጌጥ የዚህ ውጤት ናቸው። ቀለል ያሉና የሚያምሩ ናቸው፤ አንዴ ከተሰረጎዱ ግን ማቃናት ይከብዳል፣ ለብየዳም ቅርፊታቸው ስስ ነው። ሊሸጥ የታሰበ ጌጥ ድፍን ይሁን። ደረሰኙ ላይ ክብደት፣ ካራትና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ፤ ሲሸጥ የእጅ ዋጋው አይመለስም።

ማህተሙ 916 ከሆነ 22 ካራት፣ 750 ከሆነ 18፣ 585 ከሆነ 14 ማለት ነው። ማህተም ሊዋሽ ስለሚችል ድንጋይ የሌለበትን ድፍን ጌጥ በውኃ መመዘን ይቻላል። በመጀመሪያ 0.01 ግራም በሚያነብ ሚዛን በደረቁ ይመዘን። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለስ፤ ጌጡ በክር ታስሮ ታችም ጎንም ሳይነካ ይጥለቅ። 6.20 ግራም የሆነ ቀለበት ውኃው ውስጥ 0.40 ካነበበ፣ 6.20 ለ0.40 ሲካፈል 15.5 ይሆናል፤ ይህ የ18 ካራት ቢጫ ወርቅ ልክ ነው። 14 ካራት 13 አካባቢ፣ 22 ካራት 17.7 አካባቢ ይሰጣል። የአየር አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ከ3 ግራም በታች ለሆነ ጌጥ ሚዛኑ ራሱ የሚስተው መጠን ብዙ ስለሆነ ዘዴው አያስተማምንም። ከወርቅ ጋር እኩል የሚከብደውን ተንግስተንም አይዝም።

ለማማር ብቻ የሚገዛው ወጣት ደግሞ የወርቅ ቅብ ይወዳል። ቅብ መሆኑ ነውር የለውም፤ ውፍረቱን አለመጠየቅ ግን ኪሳራ ነው። በአሜሪካ መመሪያ ቨርሜይ ለመባል ከሥር ስተርሊንግ (92.5 በመቶ) ብር፣ ከላይ ቢያንስ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ወርቅ ሊኖር ይገባል። ርካሹ ቅብ ከዚህ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሳሳ ይችላል። ቀለበት ከሁሉ ቀድሞ ጠርዙ ላይ ይገፈፋል፤ ጉትቻ ግን ስለማይፋተግ ያው ቅብ ዓመታት ሊቆይበት ይችላል። ጆሮው የሚያሳክከው ሰው ከሥሩ ኒኬል መኖሩን ይጠይቅ።

አሁን እየበዛ የመጣው የእናትን ወይም የአያትን ጌጥ አቅልጦ በአዲስ ቅርጽ ማሠራት ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው፤ የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው። አሮጌ ወርቅ ውስጥ የብየዳ ትርፍ አለ፤ ሲቀልጥ ካራቱን ያወርዳል። በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ትንሿ እርሳስ እንኳ ወርቁን ተሰባሪ ታደርገዋለች፤ አንጥረኛው ሲቀጠቅጠው ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው መጀመሪያ መጣራት አለበት። ኦፓልና ኤመራልድ እሳት ሳይነካቸው በፊት ይውጡ፤ ኦፓል ውስጡ ውኃ አለ፣ የኤመራልድ ስንጥቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዘይት የተሞላ ነው። ከመቅለጡ በፊት ጌጡ በባለቤቱ ፊት ተመዝኖ ፎቶ ይነሳ። በሞረድና በማለስለስ የሚጠፋው ግራም ስንት እንደሚሆን፣ ብናኙስ ለማን እንደሚቀር፣ በጽሑፍ ይስማሙ።