ሐሙስ ጠዋት በአሞራ ገደል

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሐዋሳ ኖራ ሐዋሳ አረፈች። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔን አልፈን ማታ ገባን።

ወደ ሐይቁ ለመውረድ ሐሙስን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ዳዊት በየዕለቱ ተከፋፍሎ ሲደገም ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ነው። 103ኛው እዚያ ውስጥ ይገኛል። በዛፍ የሚዘምሩትን ወፎች፣ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር የሚለምኑትን የአንበሳ ደቦሎች፣ በባሕር ያሉትን ትንንሽና ትልልቅ እንስሳት የሚያነሳው መዝሙር። እታለም ሌላውን ፈጠን ፈጠን አድርጋ ትደግምና እዚህ ስትደርስ ትረጋጋለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። ያም ለእሷ የጸሎቱ ክፍል ነበር።

እኔም በማለዳ ቅዱስ ገብርኤልን ተሳልሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ መረብ ያራግፋሉ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጸዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ሰው መሃል ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። እንግዳ ሰው ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ፔሊካኖቹ ነው። እታለም ግን ነፍሷ አባ ኮዳ ነበር። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ማንም ቆንጆ የማይለው ወፍ ነው። «አንጀቱን የሚለቅምልን ማን ሆነና! እሱ ባይኖር ሽታው መቼ ያስቀምጠን ነበር?» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች አሉ። «መናኞቹ» ትላቸው ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሰው ቅጠል እየበሉ ስለሚኖሩ። አንድ ወጣት ብስኩት ሲዘረጋላቸው አየሁ። እታለም ብትኖር ዝም አትልም። «የኔ ልጅ፣ የእነሱ ሆድ የተሠራው ለቅጠል ነው» ብላ እጁን ትመልሰው ነበር። እንስሳ መውደድ ማለት ለእሷ የራሱን ኑሮ እንዲኖር መተው ነው። ይህን ከማንም በላይ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔም ልጁን በእርጋታ ነገርኩት፣ ሰማኝ።

ዳርቻው ላይ የተጣለውን ባዶ ሃይላንድ እሷ እንደምታደርገው በፌስታል ለቀምኩ። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የተጣለበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህን ሳስብ በጣም ያመኛል።

ከዚያ ቁጭ ብዬ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላሁ። አምባዛም ነበር፤ እታለም ቅርፊት የለውም ብላ አትበላም ነበርና እኔም ተውኩት።

እየበላሁ ቀና ስል አንዲት ጉሬዛ ግልገሏን አቅፋ አየሁ። ግልገሉ ድፍን ነጭ ነው። ሲወለዱ እንደዚያ ናቸው፣ ጥቁሩ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ለእህቴ ልጆች ስልክ ደውዬ ብነግራቸው አላመኑኝም። ለገና ዕረፍት ይዣቸው እመጣለሁ።