ካምቢዮውን ሁለት ጊዜ ያወረድኩበት ፍሪሲዮን

የፒክአፔ ፍሪሲዮን ማለቁን ያሳበቀብኝ ዳገት ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ የዙር መቁጠሪያው ሽቅብ ይወጣል፣ መኪናው ግን ፍጥነቱ እዚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ቤት ስደርስ ሜዳ ላይ አቆምኩትና የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። ደህና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ወዲያው በጠፋ ነበር። የእኔ ትንሽ ተንገራገጨና መዞሩን ቀጠለ። ይህ ሙከራ አንዴ ይበቃል፤ መደጋገም የተረፈችውን ሸራ መፍጀት ነው።

ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ አውርጄ አላውቅም ነበር። የፍሬን ሸራና የውሃ ፖምፓ ቀይሬያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ድፍረት አልነበረኝም። የጥገና መጽሐፉን ሁለት ሌሊት አገላበጥኩና ገባሁበት፣ በሁለት ቀንም ጨረስኩ። ከአራት ወር በኋላ ያንኑ ካምቢዮ እንደገና አወረድኩት። በመጀመሪያው ዙር የጠርሙስ ክዳን የምታክል ኩሽኔታ አይቼ፣ ነክቼ፣ «ይቺ ደህና ናት» ብዬ ትቻት ነበርና።

ፓይለት ኩሽኔታ ይሏታል። ኢንፑት ሻፍት የሚባለው የካምቢዮው ዘንግ የፍሪሲዮኑን ዲስክ መሀል ለመሀል አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል፤ ጫፉ በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ፣ የኋላ ጫፍ መሀል ላይ ባለች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል። ያቺን ጫፍ ተሸክማ በነፃነት እንድትዞር የምታደርጋት ፓይለቷ ናት። በአንዳንድ መኪና ባለ ጥይት ወይም ባለ መርፌ ኩሽኔታ ናት፣ በሌላው ደግሞ የነሐስ ቡሽ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሩና ዘንጉ አብረው ስለሚዞሩ ሥራ የላትም። የምትሠራው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ያኔ ሞተሩ እየዞረ ዘንጉ መቆም አለበት። ሕመሟም የሚሰማው ያኔ ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የማውረድ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀልኩ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ የሚደርሰው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ስላለበት በመፍቻ ብነካው ብልጭታ ነው። መኪናውን በአራት ካቫሌቶ (መደገፊያ ብረት) አነሳሁት። ከፍታውን የገመትኩት የራሴ ትከሻ እንዲገባ አስቤ ነው። ከሥር መውጣት ያለበት ግን ክሪክ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ ነበርና ማታ ላይ እንደገና ከፍ ማድረግ ግድ ሆነብኝ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ ትራንስሚሲዮኑን፣ ከመፍታቴ በፊት ፍላንጁ ላይና ዲፈረንሻሉ ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩ፤ በነበረበት ካልተመለሰ ሚዛኑ ሊዛባና በፍጥነት ሊርገበገብ ይችላል። ያላሰብኩት የካምቢዮውን ዘይት ነው። ትራንስሚሲዮኑን ከኋላ ስስበው የቀረው ዘይት ሁሉ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደረሰ። አስቀድሞ ዘይቱን ማፍሰስ ወይም አፉን በላስቲክ ማሰር ነበር።

ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን የታችኛውን የፍሪሲዮን ፖምፓ ቱቦውን ሳልፈታ በሁለት ቡሎኑ ብቻ አላቅቄ በሽቦ ሻሲው ላይ አንጠለጠልኩት። እንዲህ ከተደረገ አየር አይገባም፣ በኋላም ፍሪሲዮን ማስተንፈስ አያስፈልግም። ፖምፓው ተንጠልጥሎ ሳለ ግን ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተወርውሮ ይወጣል። እኔ መሪው ላይ «አትርገጥ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፣ ለራሴ ነው።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዙት ቡሎኖች የታችኞቹ ቀላል ናቸው። የላይኞቹ ሁለቱ ግን ቀኑን በሉት። ከላይ በኮፈኑ በኩል እጅ አይገባም፣ ከሥር ደግሞ አይታዩም። መላው የካምቢዮውን የኋላ ሱፖርት ፈትቶ ጅራቱን በክሪክ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ጋደል ሲል ላይኛው ክፍተት ይከፈታል። ሦስት ማራዘሚያ ቀጣጥዬ፣ ጫፉ ላይ ተጣጣፊ ቡሶላ አድርጌ፣ ከካምቢዮው ጅራት ጀምሬ በላዩ ላይ አሳልፌ ነው የፈታኋቸው። ቡሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ክብ ስዬ እያንዳንዱን በቦታው ወጋሁት። ከዚህ ሁሉ ሥራ በኩራት የማነሳው ይህን ካርቶን ብቻ ነው።

ካምቢዮው ሲላቀቅ ተራ ክሪክ ላይ ጣውላ አድርጌ ተቀበልኩት። 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ አንድ ወገኑ የከበደ ብረት ጣውላ ላይ እንዴት እንደሚወላወል ያየ አይደግመውም። ለቅጽበት ሙሉ ክብደቱ ዲስኩ ውስጥ ባለው ዘንግ ላይ ተንጠለጠለ። አሮጌው ዲስክ ስለሚጣል ግድ የለም፤ አዲስ ቢሆን ግን መሀሉ በተጣመመ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ የካምቢዮ ክሪክ ተውሼ በሰንሰለት አሰርኩት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ውስጡ እንደጠበቅኩት ነበር። ሸራው እስከ ምስማሮቹ ራስ ተበልቷል። ብዙ የጥገና መጽሐፎች የምስማሩ ራስ ከሸራው ገጽ ቢያንስ 0.3 ሚሊሜትር ጠልቆ እንዲገኝ ይላሉ፤ የእኔ ጥፍር ምንም ጥልቀት አላገኘም። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ዲስኩ የሚጫንበት ከባድ ብረት፣ ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጠብጣቦችና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስላጥኩት። ይህ ለጠንካራው፣ አንድ ወጥ ለሆነው ቮላኖ ነው፤ በውስጡ ስፕሪንግ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይላጥም፣ ይቀየራል። ከቮላኖው ጀርባ ያለው የክራንክ ሻፍት ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ረጥቦ ስላገኘሁት ቀየርኩት፤ ዘይት የነካው አዲስ ሸራ ዕድሜ የለውም። አቧራውን በአየር መንፋት ግን አይገባም፤ በተለይ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል በፍሬን ማጠቢያ አርጥቦ መጥረግ ነው።

ያቺ ኩሽኔታ ፊት ለፊቴ ነበረች። ጣቴን አስገብቼ አዞርኳት። ዞረች። ድምፅ የለም፣ መንተክተክ የለም። አዲሱ ፍሪሲዮን የመጣበት ካርቶን ውስጥ ዲስክ፣ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነበሩ፤ ፓይለቷ ለብቻ የምትገዛ ነበረች። መንቀያ መሣሪያ ደግሞ የለኝም። «የምትሠራ ነገር ለምን ይነካል» ብዬ አለፍኳት። ያኔ ይህ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

መልሶ መግጠሙ ላይ ካምቢዮው ሁለት ጣት ሲቀረው አልገባ አለ። ቡሎኖቹን አስገብቼ በመፍቻ እየጠበቅኩ ልስበው ስል አንድ አሮጌ መካኒክ ጎረቤቴ ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ያዩኝ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልስበው ነዋ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ቡሎን ካምቢዮ አያስገባም። የገባውን ካምቢዮ ነው የሚይዘው። ማርሽ አስገባና ጅራቱን በእጅህ አዙር።»

አራተኛ አስገብቼ ከኋላ ያለውን ዘንግ በእጄ ሩብ ዙር እንኳ ሳላዞር ጥርሶቹ ተገናኙና ካምቢዮው በራሱ ሸርተት ብሎ ተቀመጠ። በመፍቻ ስቤው ቢሆን ኖሮ ወይ ዲስኩ ይጣመማል ወይ የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል።

ለአራት ወር ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ መብራት ላይ አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረግጬ ስጠብቅ ቀጭን ፉጨት መስማት ጀመርኩ። ስለቀው ይጠፋል። ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ሲገባ የመፋጨት ድምፅ አመጣ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬም ዘንጉ መዞሩን አያቆምም ማለት ነው።

ድምፁን እንዲህ ለየሁት። በዜሮ ማርሽ፣ ፔዳሉ ሳይነካ የሚሰማና ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የካምቢዮው የራሱ የፊት ኩሽኔታ ነው። እግር ፔዳሉ ላይ ገና ሲያርፍ የሚጀምር ከሆነ ፕሬዠር ፕሌቱን የምትገፋው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ትጠረጠራለች። ማርሽ ገብቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ሲሰማ ግን ወደ ፓይለቷ ነው ማየት። የእኔ ሦስተኛው ነበር። ያንን መካኒክ ጎረቤቴን ፍለጋ ስሄድ «ፓይለቷን ቀይረሃል?» አሉኝ ሳልጨርስ። መልሴን ከፊቴ አነበቡት።

ሁለተኛው ማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ካርቶኑም ቡሎኖቹን ይዞ ጠበቀኝ። ኩሽኔታዋ ደርቃ ዝጋለች። ጣቴን አስገብቼ ሳዞራት አሁንም ትዞራለች! ወደ ጎን ጫን ብዬ ሳዞራት ግን አሸዋ እንዳለበት ወፍጮ ተንኮሻኮሸች። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ጫን ብዬ ብፈትናት ኖሮ ያኔውኑ በነገረችኝ። የኢንፑት ሻፍቱ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ነበር፤ ጥፍር ስላልያዘው ተርፏል፤ ጎድጉዶ ቢሆን ዘንጉም ይቀየር ነበር።

መንቀያ አሁንም አልነበረኝም። የሚታወቀው ዘዴ ከኩሽኔታዋ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ግራሶ ሞልቶ፣ በቀዳዳዋ ልክ የሆነ ዘንግ ይዞ በመዶሻ መምታት ነው፤ ግራሶው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ወደ ውጭ ይገፋታል። ለነሐስ ቡሽ ግሩም ነው። የእኔ ግን ባለ መርፌ ነበረች፤ በመታሁ ቁጥር ግራሶው በመርፌዎቹ መሀል እየተረጨ ፊቴ ላይ ይለጠፋል። በወረቀት ተካሁት። ጋዜጣ በውሃ ነክሬ፣ በትንሽ በትንሹ እያድቦለቦልኩ ከትቼ እመታለሁ፣ እጨምራለሁ፣ እመታለሁ። ወረቀቱ ተጠቅጥቆ እንደ እንጨት ጠነከረ። አሥራ አምስተኛው ምት ላይ ይመስለኛል፣ የመዶሻው ድምፅ ከ«ጠቅ» ወደ «ደብ» ተለወጠና ኩሽኔታዋ ሁለት ሚሊሜትር ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ በየምቱ ትወጣ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ወረቀትና ግራሶ አንድም ሳይቀር ጠርጌ አወጣሁ።

ከመንቀሌ በፊት ምን ያህል ጠልቃ እንደተቀመጠች ለክቼ ነበር። አዲሷን አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኳትና የታሸገ ጎኗን ወደ ካምቢዮው አዙሬ፣ የውጭ ቀለበቷን ብቻ በሚነካ ቡሶላ ቀስ እያልኩ መታኋት። የውስጡን መምታት ገና ሳትሠራ መግደል ነው። ነሐስ የሆነባችሁ ደግሞ ግራሶ አትቀቡ፤ ብዙዎቹ ዘይት የጠጡ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ግራሶ ቀዳዳቸውን ይደፍነዋል።

የቀረው ያው ነው። ዲስኩ ላይ «የቮላኖ ጎን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሌለ ስፕሪንጎቹ ያበጡበት ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፕሬዠር ፕሌቱ ይዞራል። ተገልብጦ ከተገጠመ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ዲስኩን መሀል ማስያዣዋ የፕላስቲክ ዘንግ ፕሬዠር ፕሌቱ እስኪጠብቅ አትወጣም። ቡሎኖቹን እየተሻገርኩ፣ በየተራ አንድ አንድ ዙር ነው ያጠበቅኩት፤ የመጨረሻውን በቶርክ መፍቻ መጽሐፉ ባለው ልክ። የዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ ቀብቼ ዲስኩን አንድ ጊዜ አመላለስኩና የተረፈውን ጠረግኩ፤ ከበዛ ሲዞር ሸራው ላይ ይረጫል። በዚህኛው ጊዜ ደግሞ ራሳቸውን የቆረጥኳቸው ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ሞተሩ ላይ አስገብቼ ካምቢዮውን በእነሱ ላይ አንሸራተትኩት። በአሥር ደቂቃ ገባ።

የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎሜትር ጭነት ሳልጭን፣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ሳልይዘው በዝግታ ነዳሁ። ፉጨቱ የለም፣ የኋላ ማርሽ ያለ ኮሽታ ይገባል። ካምቢዮው በገባበት ዕለት ማታ ግን መካኒኩን ጎረቤቴን ጠርቼ ላሳያቸው ወደ ኋላ ስነዳ ከኋላ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ማርሹስ ገብቷል፤ መብራትህ ግን የለም።»

የኋላ ማርሽ መብራት ገመድ ካምቢዮው ላይ ሳልሰካው ቀርቷል። ከሥር ገባሁ፣ ሰካሁ፣ ወጣሁ። ካምቢዮ አልወረደም።