ኳስ ሳናይ ስለ ኳስ ስንጨቃጨቅ ዋልን

የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት የፈረንሳዊውን ኳስ ተጫዋች የላሳና ዲያራን ጉዳይ ወሰነ፣ ኦክቶበር 4፣ 2024 ብላችሁ ያዙልኝ። ሰውየው 2014 ላይ የሩሲያው ክለብ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ኮንትራቱን ሲያቋርጥበት ፊፋ ጭራሽ አንተ ነህ ጥፋተኛው ብሎ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ ክፈል አለው፣ የቤልጅየሙ ክለብ ሻርለሯ ሊያስፈርመው ፈልጎ ካሳው ለኛም ይተርፋል ብሎ ፈራ፣ በቃ ተንሳፍፎ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ታዲያ ይሄ የፊፋ ህግ የተጫዋቾችን ዝውውር ያግዳል አለ። ጓደኛዬ ታዲያ "ሚሊየነር ነው ምን ያስለቅሰዋል" ይለኛል፣ አንተን አሰሪህ አባሮህ ሌላ ቦታም እንዳትቀጠር ቢያደርግህ ዝም ትላለህ ወይ አልኩት፣ ተናደደ። ሌላው ደሞ "ሁሉም እንዳሻው ከለቀቀ ክለቤን ምን ይውጠው" አለ፣ እዚህ ላይ እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ፣ ቦስማን የሚባለው ተጫዋች ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች በነጻ ይልቀቅ ብሎ 1995 ላይ እዚሁ ፍርድ ቤት አሸንፎ ኳስ መች ቆመች ብዬ አለፍኩት