ስድስት ለአምስት

በእጅ ኳስ ሁለት ደቂቃ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ዳኛው ሁለት ጣቱን ካነሳ የተቀጣው ቡድን አንድ ሰው ጎድሎበት ይጫወታል፤ ከበረኛ ሌላ ስድስት የነበሩት አምስት ይሆናሉ። ጎል ቢገባበት እንኳ ቅጣቱ አያጥርም፤ ሁለቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ሰው አይሞላም። ሁለት ሦስት ጎል የሚገኝበት ጊዜ ነው። የኛ ልጆች ግን የሚጣደፉት ልክ ያኔ ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሴቶች ቡድን አሰለጥናለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአጎራባች ወረዳ ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣት ሳይፍታታ ኳስ እጅ ላይ አይቆምም። ከእረፍት በፊት ተጋጣሚያችን ሁለቴ ሰው ጎደለበት። እኛ አንድም አላገባንም። ጉልበተኛዋ ልጃችን ኳሱን እንዳገኘች ከ9 ሜትር ትለቀዋለች። አምስቱ ተከላካዮች መሃል ላይ ተጠጋግተው እጃቸውን ዘርግተዋል። ኳሱ እነሱ ላይ ይመለሳል።

በእረፍት ሰዓት የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን፣ ብዙም የማታወራ ልጅ ናት፣ ጠጋ ብላ «ኮች፣ እኔን የሚይዘኝ ሰው እኮ የለም። ኳሱ ግን እኔ ጋ አይደርስም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሜዳው ስፋት 20 ሜትር ነው። አምስት ሰው መሃሉን ከዘጋ ጥጉ ክፍት ይሆናል፤ ጥጉን ልያዝ ካለ መሃሉ ይሳሳል።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳልኩላቸው። ኳስ ቆመሽ አትቀበዪ፣ እየሮጥሽ ተቀበዪ። ወደ ተከላካይዋ ሳይሆን በሁለቱ መሃል ወዳለው ክፍተት ግቢ። ሁለቱም ወዳንቺ ሲመጡ ያኔ ለጎንሽ አቀብዪ። ሳይመጡብሽ ካቀበልሽ ግን ማንንም አልጎተትሽም፤ ተከላካዮቹ ተረጋግተው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከባዱ ይሄ ነው። ጎሉን እያየች፣ ለመምታት እጇን አንስታ ሳለ ኳሱን ለሌላ መስጠት ለማንም ልጅ ቀላል አይደለም።

ከእረፍት መልስ ዳኛው እንደገና ሁለት ጣቱን አነሳ። ጉልበተኛዋ ልጅ እየሮጠች ክፍተቱ ውስጥ ገባች። ሁለቱ ተነሱባት። በጎናቸው ለክንፏ አሾለከችላት። ክንፏ ከ6 ሜትሩ መስመር ውጭ ተነስታ ወደ መሃል ዘለለች። በረኛዋ ቀድማ ስትወድቅ ጠብቃ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ለቀቀችው። ገባ!

ተጋጣሚያችን የጎደለውን ለመሙላት ሲያጠቃ በረኛዋን አስወጥቶ የሜዳ ተጫዋች አስገባ። ከ2016 እ.ኤ.አ. የደንብ ለውጥ ወዲህ የምትገባዋ ተጫዋች የበረኛ መለያ መልበስ ስለማይጠበቅባት ይህ ዘዴ ተለምዷል። የኛ በረኛ ኳሱን ያዘች። ቀና ስትል ጎሉ ባዶ ነው። ከዚያው ከራሷ ጎል ወርውራ አገባችው።

አሁን ልምምዳችን ስድስት ለአምስት ነው፤ ኳሱ ሁለቱንም ክንፎች ሳይነካ የገባ ጎል አይቆጠርም። የሚቀረን የቀኝ ክንፍ ነው። እዚያ ግራኝ ብትጫወት የመምቻ ማዕዘኗ ይሰፋላታል፤ እኛ ግን ግራኝ የለንም። የሰሜን ሸዋ የስፖርት መምህራን፣ በግራ እጇ የምትወረውር ልጅ ካያችሁ እባካችሁ ወደኛ ላኳት።