ድንጋይ የገለበጠ ያያል

ዛሬ ከእንጦጦ በሚወርድ ጅረት፣ ውኃ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮችን ለማየት ድንጋይ ስንገለብጥ ዋልን። ጠፍጣፋዎቹ እጮች ድንጋዩ ላይ የሚያዳልጠውን አልጌ ይፍቃሉ። ውኃው በሚፈጥንበት ቦታ የጥቁር ዝንብ እጭ በኋላው ተጣብቆ፣ ራሱ ላይ ያሉትን ሁለት ማራገቢያዎች ዘርግቶ የሚያልፈውን ብናኝ ያጠልላል። የውኃ ተርብ እጭ ግን ጉድ ነው! ከአገጩ ሥር ያጠፈውን ከንፈር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወርውሮ የቀረበውን ይይዛል። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ብልቃጥ ካስቀመጣችሁት ቤት ስትደርሱ እሱ ብቻ ይጠብቃችኋል።

እጮቹን የምትሰበስቡት ለናሙና ከሆነ እዚያው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ። በማግስቱ አልኮሉን ቀይሩ፤ አለዚያ ከሰውነታቸው የሚወጣው ውኃ ስለሚያቀጥነው ይበሰብሳሉ።

ወደ አቃቂ ዝቅ ሲባል ደለሉ ውስጥ የሚበዙት ቀያዮቹ እጮች ናቸው። የሚያቀላቸው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ቀይ ንጥረ ነገር ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ብስባሽ እየለቀሙ የሚኖሩትም በእሱ ነው።