ቱርቦ ያለው መኪና ዘይቱ በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር? ሁለት ቱርቦ ያስከፈለኝ መልስ

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልናገር። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፤ ቀድሞ በደረሰው። የመኪናው መጽሐፍ 10,000 እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ያመንኩት እሱን ነበር።

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው። 2.5 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር። በ2009 ዓ.ም. ያገለገለ ሆኖ ስገዛው 168,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሥራዬ የውሃ ፖምፕ መግጠም ነው። ያኔ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም እመላለስ ነበር።

ዘይት መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ሞቅ ታደርጋላችሁ፣ ከታች ያለውን ቡሎን ትፈታላችሁ፣ አሮጌው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ፣ ፊልትሮውን ትቀይራላችሁ፣ ወደ ሰባት ሊትር አዲስ ዘይት ትሞላላችሁ። በቃ። እኔ የተሳሳትኩት ጊዜው ላይ ነው።

መጀመሪያ በየ10,000 እቀይር ነበር። ሥራ ሲደራረብ 10,000 የነበረው 12,000 ሆነ። አንድ ጊዜማ 14,000 ደረሰ። ሲጎድል እጨምርበታለሁ። አንድ ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ስለጨመርኩ ግማሹን የቀየርኩ ይመስለኝ ነበር። ድፍርስ ኩሬ ላይ አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ ብትደፉበት ኩሬው አይጠራም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከኔ የተሻለ ሰው አልነበረም።

ጥር 2012 ዓ.ም.፣ ሁለት ፖምፕና ብዙ ቱቦ ጭኜ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ነው። ዓባይ በረሃን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሙቀቱ አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ማርሹ ከሁለተኛና ከሦስተኛ አይወጣም። ቱርቦው ለአፍታም አያርፍም። ደጀን ስደርስ ምሳ ቤቱ በር ላይ አቆምኩና ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ሁልጊዜ የማደርገው እንደዚያ ነበር።

በልቼ ስመለስና ሳስነሳው ከኮፈኑ ስር እንደ ሳይረን የሚጮኽ ፉጨት ሰማሁ። ነዳጅ ስሰጠው ፉጨቱ ባሰ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ጉልበቱ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ቱርቦ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ለኔ ቀድሞ የነገረኝ የለምና። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ማራገቢያ ያዞራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው ማራገቢያ ደግሞ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚለየው ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩ ነው፤ ቱርቦው የራሱ የለውም። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፖምፓው ይቆማል። ዘንጉ ግን ገና እየዞረ ነው፤ ብረቱም እንደ ምድጃ ግሏል። እዚያ የቀረው ዘይት ድስት ስር እንዳረረ ወጥ ተጋግሮ ይቀራል። ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ያርራል።

መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኜ አዲስ አበባ መለስኩት። ትልቅ የሚባል ጋራዥ አስገባሁት። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው የአየር ማስገቢያውን ቱቦ አውልቆ ዘንጉን በጣቱ ነቀነቀው።

«ቱርቦው ሞቷል» አለኝ።

«ለምን ሞተ?»

«ዕድሜው ነው።»

እኔም አመንኩት። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህቺ ደቂቃ ናት። ዕድሜ መልስ አይደለም። ፖምፕ የተቃጠለበት ገበሬ «ለምን ተቃጠለ?» ብሎ ቢጠይቀኝና «ዕድሜው ነው» ብለው ያባርረኛል፤ ደግሞም ልክ ነው።

መለዋወጫውን የምገዛበትን ሱቅ ራሳቸው ጠቁመውኝ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ያገለገለ ኦርጅናል ቱርቦ ገዛሁ። የሦስት ወር ትርፌ ነበር። በአንድ ቀን ገጥመው ሰጡኝ። ዘይቱን ቀየሩ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ፣ መስታወቱ ላይ «ቀጣይ በ10,000» የሚል ወረቀት ለጠፉ።

አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ አንደኛው ቀን እንጦጦ ዳገት ላይ ያ ፉጨት ተመለሰ።

ጋራዡ «ዕቃው ፎርጅድ ነው፤ ዕቃውን ያመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ እኛ ዋስትና የለንም» አለኝ። ሱቁን የጠቆሙኝ እነሱ መሆናቸውን ሳስታውሳቸው ኃላፊው ስልክ አነሳና ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩት። ሌላ ቱርቦ ካመጣሁ የጉልበት ዋጋ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። የመጀመሪያው ለምን እንደሞተ ሳያውቅ፣ ሁለተኛው ለምን እንደሞተ ሳያውቅ፣ ሦስተኛ ሊገጥምልኝ!

አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ኮልፌ አካባቢ ወዳሉ ሽማግሌ መካኒክ ላከኝ። ግቢያቸው ጠባብ ናት፣ ወለሉ አፈር ነው። ቱርቦውን ቀና ብለውም አላዩት።

«ጠዋት ስታስነሳው የዘይቱ መብራት ቶሎ ይጠፋል?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆያል፣ ጋሼ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አራት አምስት ሰከንድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዝም አልኩ። ወራት ሆኖታል። አይቼዋለሁ፤ ስለሚጠፋ ግን ረሳሁት።

«የዘይት ገንዳው ይውረድ» አሉ።

ወረደ። ከገንዳው ዘይት የሚመጠጥበት ቱቦ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። ወንፊቱ ከጀበና ስር በሚወጣ አተላ የተደፈነ ይመስል ነበር። ጥቁር፣ ሻካራ፣ በጣት ሲፈጩት የሚፈረካከስ። ሦስት አራተኛው አያስተላልፍም። ሞተሩ እንደምንም ዘይት ይደርሰው ነበር። ቱርቦው ግን ይጠማ ነበር። ሁለተኛውን ቱርቦ የገጠሙልኝ እዚህ ደረቅ ጉሮሮ ላይ ነው።

ያኔ የተሰማኝን በቀላሉ መናገር አልችልም። እኔ እኮ ፖምፕ ገጣሚ ነኝ። ፖምፑ ውሃ አልስብ ሲል ለገበሬው መጀመሪያ የምለው «ውሃው ውስጥ ያለውን ወንፊት አውጥተህ እየው» ነው። በየመንደሩ ይህንኑ ስናገር ሰንብቼ፣ በየቀኑ የምነዳው መኪና ወንፊት ሲደፈን አላሰብኩትም።

አተላው ከየት መጣ? ሽማግሌው አሳዩኝ። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣ በሚረጨው በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ስር የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያሽግ ቀለበት አለ። ሮንዴላው ሲያረጅ የተቃጠለው ጋዝ በጎኑ እያመለጠ ወደ ላይኛው የሞተር ክዳን ይገባል፤ ጥላሸቱም ዘይት ውስጥ ይወድቃል። የ2.5 እና የ3.0 ዲ-ፎር-ዲ የታወቀ ድካም ነው፤ ፕራዶ ያላችሁም ይመለከታችኋል። ዘይቱ ቶሎ ከተቀየረ ጥላሸቱ አብሮት ይወጣል። 12,000፣ 14,000 ከቆየ እየተጋገረ ወንፊቱ ላይ ይቀመጣል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። አራቱም ሮንዴላ ተቀየረ። ገንዳውና ወንፊቱ ታጠበ። ወደ ቱርቦው ዘይት የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ ውስጧ አርሮ ጠቦ ስለነበር በአዲስ ተተካች። ሦስተኛው ቱርቦ ሲገጠም ሽማግሌው በዘይት ማስገቢያው ቀዳዳ በእጃቸው ዘይት ሞሉበት። ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሳ አድርገው መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በስታርተር ብቻ አዞሩት። ከዚያ በኋላ ነው ያስነሱት። ዘይቱን በ500 ኪሎ ሜትር አስቀየሩኝ፤ በ2,000 ደግሞ ደገሙት። የቀረ ቆሻሻ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በየ5,000 ነው።

ስለዚህ ቱርቦ ልትቀይሩ ከሆነ፣ ገንዳው ሳይወርድ፣ ወንፊቱን በዓይናችሁ ሳታዩና የዘይት ቧንቧው ሳይቀየር አንድ ብር አትክፈሉ። «አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የ10,000ው ቁጥር ውሸት ነው አልልም። ያው መጽሐፍ አቧራ፣ ከባድ ጭነትና አጭር ጉዞ ካለ ቀድማችሁ ቀይሩ ይላል። ጋራዡ ግን ያቺን ገጽ አያነብላችሁም። ደግሞ አስቡት። አዲስ አበባ መንገድ ላይ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት ሞተሩ 500 ሰዓት ሠራ ማለት ነው። ክፍት መንገድ ላይ በሰዓት 60 የሚሄድ ሰው በ500 ሰዓት 30,000 ይደርሳል። በ30,000 ዘይት የሚቀይር ሰው ብታዩ እብድ ትሉታላችሁ። መገናኛ ላይ ተጨናንቃችሁ ስትቆሙ ኪሎ ሜትሩ ይቆማል፤ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው።

በቀለም አትፍረዱ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። «ጠቁሯል ቀይረው» የሚለውም «ገና ንጹህ ነው ይቆይ» የሚለውም እየገመተ ነው። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ጻፉ። እኔ ፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ለኔ ሞተር ውፍረቱ 15-40፣ የናፍጣ ደረጃው ሲአይ-4 የሆነ ዘይት ይበቃል። አዲስ አበባ ብርዱ ያን ያህል አይደለም። ጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ግን ሌላ ዓይነት ዘይት ይፈልጋሉ፤ የእኔን አትቅዱ። ትንንሽ የቤንዚን ቱርቦ ያላቸውም እንዲሁ። ለነሱ የተጻፈው ስስ ዘይት ነው። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ 20-50 የሚሞላባችሁን አትስሙት። እነሱም ላይ ቢሆን 5,000 እላለሁ፤ በተለይ በአጭር በአጭሩ ከተነዱ ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ያቀጥነዋል።

ዘይቱን የምገዛው በደረሰኝ ነው፤ ማሸጊያውን ራሴ እከፍታለሁ። ባዶውን ዕቃ በምስማር ሳልበሳ ለቁራሌው አልሰጥም። እኔ የጣልኩት ጀሪካን ሌላ ነገር ተሞልቶ ለሌላ ሰው እንዲሸጥ አልፈልግም።

ጠዋት አሥር ደቂቃ ማሞቅ የሚሉትን ትቻለሁ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በቀስታ መሄድ። ዳገት ከወጣሁ በኋላ ግን ደጀን ላይ ሁለት ደቂቃ ሳላጠፋው እቆማለሁ። አስተናጋጇ እየጠራችኝም ቢሆን።

ባለፈው ዓመት ምንም ችግር ሳይኖር ገንዳውን አስወረድኩት። ሽማግሌው ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩበትና ሰጡኝ። ማዶ ያለው ግድግዳ በያንዳንዱ ቀዳዳ ይታየኝ ነበር።